ኪኒን በምላስ አይመረመርም!

«እናቴ ደም ግፊት አለባት። ሰሞኑን የገዛንላት ኪኒን እንደ ድሮው አይመርም። ፎርጅድ ይሆን እንዴ? ልታቋርጠው ነው!» ስትል አንዲት የመርካቶ አንባቢያችን ጠይቃናለች።

እህታችን፣ ቁርጡን እንንገርሽ። እናትሽ ኪኒኑን በገዛ ፈቃዳቸው እንዳያቋርጡ! ምላስ መራራና ጣፋጭ እንጂ ሚሊግራም አያውቅም። ፋብሪካው ሲለያይ ሽፋኑና ማጣበቂያ ዱቄቱ ይለያያል፤ ጣዕሙም አብሮ ይለወጣል። መድኃኒቱ ግን ያው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ማሸጊያው የሚያብረቀርቅ ኪኒን ጉድ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጥርጣሬሽ ግን ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች 1ዱ ከደረጃ በታች ወይም የተጭበረበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ግድም በፓኪስታን ላሆር የሆነውን ደግሞ ስሚ። የልብ ሕሙማን በነፃ የታደላቸውን ኪኒን እየዋጡ የደም ሴላቸው ተመናመነ፤ ይደሙ ጀመር። ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ! ኪኒኑ ብሪታንያ ተልኮ ሲመረመር ፒሪሜታሚን የተባለ የወባ መድኃኒት ተቀላቅሎበት ተገኘ። ይህን በዓይን ማን ይለየዋል?

እንዲህ ያለውን ድብልቅ ለመለየት ላቦራቶሪዎች ክሮማቶግራፊ የሚባል ዘዴ አላቸው። ሚኻይል ፅቬት የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቅጠል ጭማቂን ጠመኔ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ሲያሳልፍ ቀለማቱ ተለያዩለት። የዛሬው መሣሪያም ያንኑ በከፍተኛ ግፊት ይሠራል። የተፈጨው ኪኒን ይሟሟና ደቃቅ ዱቄት በታጨቀባት፣ ስንዝር በምታህል ቱቦ ውስጥ ይገፋል።

አንቺ የመርካቶ ልጅ ነሽና እንዲህ አስቢው። ሁለት ሰዎች ከምናለሽ ተራ እኩል ተነሡ። አንዱ በየሱቁ ወዳጅ አለው፤ ሲስም፣ ሲጨዋወት፣ ሻይ ሲጋበዝ ይዘገያል። ሌላው ማንንም አያውቅምና ሰተት ብሎ ይወጣል። ሞለኪውሎቹም ከዱቄቱ ጋር እንደ ወዳጅነታቸው ነው የሚዘገዩት። በስንት ደቂቃ ወጣ የሚለው ማንነቱን፣ የምልክቱ ትልቅነት ደግሞ መጠኑን ይናገራል። ሁለቱም ከንጹሑ መድኃኒት ጋር ይነጻጸራሉ።

ያ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዘር ነው። ታዲያ ሲሊካ ኃይለኛ አልካሊ ሲነካው ይሟሟል፤ መንታ የሚመስሉ ሞለኪውሎችን መለየትም አንዳንዴ ያቅተዋል። የኤደንብራው ጆን ኖክስና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. የእርሳስ ግራፋይት ዘመድ የሆነ፣ ቀዳዳው የበዛ ካርቦን ሠሩ። ገጹ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። ጠፍጣፋው ሞለኪውል እንደ እንጀራ ልጥፍ ይላል፤ ጎባጣው በጫፉ ብቻ ይነካና ያልፋል። መንታዎቹ በዚህ ተለያዩ!

እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ስለ ካርቦን ናኖቱቦ ከጻፈ ወዲህ ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። ያን ልሙጥ ገጽ እንደ ሰሌን ጠቅልለሽ፣ ከፀጉር ክር በሺዎች እጥፍ ብታቀጥኚው ናኖቱቦ ማለት ነው። ጥቂቱ ዱቄት እጅግ ሰፊ ገጽ ስላለው፣ ተመራማሪዎች ከደም ውስጥ የመድኃኒት ርዝራዥ ለመልቀም ይሞክሩበታል።

ግን አይጋነን። ናኖቱቦ እርስ በርሱ ይጓጎላል፤ አንዳንዴም የያዘውን አለቅም ይላል። የዘወትሩ የመድኃኒት ምርመራ ዛሬም በአብዛኛው በሲሊካ ነው። «ናኖ» እያለ ኪኒን የሚያሻሽጥ ካጋጠማችሁ ሂድ በሉት!

በነገራችን ላይ፣ መርዝ ለዋጠ ሰው ሐኪም የተዘጋጀ ከሰል የሚሰጠው በዚሁ በካርቦን የመያዝ ባሕርይ ነው። ስለዚህ ለሆድ መነፋት ብላችሁ የከሰል እንክብል ከመድኃኒታችሁ ጋር አትዋጡ፤ ይዞባችሁ ይወጣል።

አሁን የእናትሽን ግፊት አስለኪ። ከፍ ካለ ቀሪውን ኪኒን ከነካርቶኑ ይዘሽ ሐኪማቸው ወይም ፋርማሲው ዘንድ ሂጂ። ጥርጣሬው ከጸና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይነገራል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ማሸጊያው ላይ የታተመው የባች ቁጥር ነው። ኪኒን ገና ከመግዛታችሁ እያወጣችሁ በብልቃጥ የምታጠራቅሙ እናቶች፣ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር ጣላችሁት ማለት ነው።