የተበላሸውን ገጽ አይጣሉት

ሐረር፣ አቦከር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ትራንስክሪፕቱን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ተማሪ አያጡም። ወረቀቱ ከላይ ካለው መጋቢ ገብቶ ኮፒው ሲወጣ ማኅተሙን ለሁለት የሰነጠቀ ጥቁር መስመር ከአናት እስከ ግርጌ ወርዶበታል። ባለሱቁ «ቀለም ሊያልቅ ነው» ይልና ቶነሩን አውጥቶ ይነቀንቃል። እኔ ግን ቶነር በከንቱ የሚታማበት ጊዜ ይበዛል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ያንኑ ወረቀት ሰፊው መስታወት ላይ አስተኝተው ይሞክሩት። መስመሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከጎን ያለው ቀጭን መስታወት ነው። እዚያ የማሽኑ ዓይን አይንቀሳቀስም፤ የሚሄደው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የደረቀች የኮሬክተር ነጥብ የወረቀቱን ቁመት የሚያህል መስመር ትሆናለች። እርጥበት በነካው ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

መስመሩ ካልጠፋ፣ ከኮምፒውተር ሲታተምም ካለ፣ ነገሩ ከውስጥ ነው። የፎቶ ኮፒ ፈልሳፊው ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ኒውዮርክ፣ አስቶሪያ ውስጥ በእጁ የሞከረው ዘዴ ዛሬም አለ፦ ድራም የሚባለው በርሜል በኤሌክትሪክ ይሞላል፣ ብርሃን ምስሉን ይስልበታል፣ የቀለም ዱቄት ይጣበቅበታል፣ ወረቀት ላይ ይተላለፋል፣ ፊውዘሩም በሙቀት አቅልጦ ያስቀረዋል። ድራሙ ዙሪያውን ከተጫረ መስመር ያወጣል፤ አንድ ቦታ ብቻ ከተነካ ነጥብ ይደጋግማል።

እዚህ ላይ ማስመሪያ ያስፈልጋል። ዲያሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ድራም አንድ ዙር ሲዞር 94 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በኤ4 ገጽ ላይ ያች ነጥብ ሦስት ጊዜ ልትታይ ትችላለች። ርቀቱ ሌላ ከሆነ ሌላ ሮለር ይጠረጠራል፤ የየማሽኑ የጥገና መመሪያ ርቀቶቹን ይዘረዝራል። በሐረሩ ጁገል ቁርኣን በእጃቸው ይገለብጡ የነበሩ ጸሐፍት አንዴ ቢሳሳቱ ስሕተቱ አንድ ነው። ማሽን ግን በልክ እየደገመ ይሳሳታል፤ የሚያጋልጠውም ይኸው ልኩ ነው።

ባለቀለም ማሽን ብዙውን ጊዜ አራት ድራም አለው፤ ለሰማያዊው ሲያን፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር። በገጹ አግድም ደመቅ ፈዘዝ የሚል ሽንትር ከታየ አራቱን ቀለሞች ለየብቻ ሙሉ ገጽ ማተም ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ከወጣ የዚያን ድራም ወይም ጥርሱ ያለቀ ማርሽ መመርመር። የሰማይ ፎቶ ላይ ቀለሙ እንደ ደረጃ ከተቆራረጠ ግን ፋይሉንም ይጠርጥሩ፤ ጥራቱ የወረደ ምስል በደህና ማሽንም እንዲሁ ይወጣል።

ድራሙን በጣት አይንኩ፣ ፀሐይ ላይም አያቁሙት። ጠጋኝ ሲጠሩ ደግሞ የተበላሹትን ገጾች ሰብስበው ይጠብቁት፤ ከማሽኑ በፊት የሚያየው እነሱን ነው።