ሕፃኑ የጎደለው ምንድን ነው? ስለ ዚንክና ስለ ብረት ለወላጆች



ጌታ ኢየሱስ የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ ወዲያው ያዘዘው የምትበላው እንዲሰጣት ነበር (ማር. 5፡43)። ይህን ክፍል ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ተአምሩ ላይ እንቆምና የመጨረሻውን ትእዛዝ እናልፈዋለን። ተአምር የተቀበለውም አካል ግን ምግብ ያስፈልገው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከምግብ ውስጥ በሚሊ ግራም ስለሚለካው ክፍል፣ ማለትም ስለ ማዕድናት፣ በተለይም ለሕፃናት ስለሚሰጡት ዚንክና ብረት እንመለከታለን።

ከእኩዮቹ ያነሰ ሕፃን ስናይ “ዘሩ ነው፣ አባቱም አጭር ነው” ብለን እናልፋለን። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ደግሞ ከመቶ 57ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። ይህን ሁሉ በዘር ማሳበብ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2000 መላኩ ኡመታና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት በአርሲ፣ በዶዶታ ሲሬ ወረዳ የተደረገ ነው። ከ6 እስከ 12 ወር ዕድሜ ያላቸው 200 ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ተመረጡ፤ 100ዎቹ የቀነጨሩ ሲሆኑ 100ዎቹ አልቀነጨሩም። ከሁለቱም ወገን ግማሾቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ ለስድስት ወር ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ግን ዚንክ የሌለበትን ወሰዱ። ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያላገኙት ያደጉት 2.8 ብቻ ነበር። ካልቀነጨሩት ደግሞ ዚንክ ያገኙት 6.6፣ ያላገኙት 5 ሴንቲ ሜትር አደጉ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሕፃናቱ የአንድ ወረዳ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም የእናታቸውን ጡት ይጠባሉ። የቀነጨሩትን በአራት ሴንቲ ሜትር ያለያያቸው በጣት ጫፍ የማይሞላ ነገር ነው። ዚንክ ያገኙት የቀነጨሩ ሕፃናት የምግብ ፍላጎታቸውም ብዙ አልተዘጋም፤ ሳል፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ማስመለስም ቀንሶላቸው ነበር። ዚንክ የሰውነት ሴሎች እንዲባዙና ሰውነት በሽታን እንዲቋቋም የሚያስፈልግ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። “ልጄ ምግብ ጠላብኝ” የምትል እናት ስትመጣ ሌላ መንፈሳዊ ምክንያት ፍለጋ የምንሮጥ አለን። እንጸልይላት፣ መልካም ነው፤ ግን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ ታስመዝነው።

ይህ ማለት ዚንክ የማንኛውንም ልጅ ቁመት ይጨምራል ማለት አይደለም። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ያሳዩት ለውጥ በአማካይ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። በተቅማጥ ጊዜ ግን ጥቅሙ የታወቀ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ዚንክ ከኦ.አር.ኤስ ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ መክረዋል። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን የሚያቋርጡ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ የታዘዘውን መጨረስ ይገባል።

ወደ ብረት እንምጣ። በጊዜውና በጥሩ ክብደት የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ክምችት ከአራት እስከ ስድስት ወር ገደማ ያቆየዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ግን ክምችቱ ትንሽ ስለሆነ ቀደም ብሎ ያልቅበታል። የጡት ወተት ብረቱ ጥቂት ነው፤ እናትየዋ የብረት ኪኒን ብትውጥም በወተቷ ውስጥ ያለው ብዙ አይጨምርም። (አዮዲን ግን እናት በበላችው መጠን ወደ ወተቷ ይገባልና አዮዲን ያለበትን ጨው ተጠቀሙ።) ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ ብረቱ ከምግብ መምጣት አለበት።

“ጤፍ እንበላ የለ?” ትሉ ይሆናል። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ የቀረውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ዳቦ በሻይ እየነከሩ ለሕፃን መስጠት በየቤቱ የምናየው ልማድ ነው፤ ሻይ ግን ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ልጁን ከሚጎዱት ልማዶቻችን ይህን አስቀድሜ ባስቀር ደስ ይለኛል። በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ወይም ጉበት ከተገኘ በጥቂቱም ቢሆን ገንፎው ላይ ይጨመርለት።

ታዲያ ብረት ለሁሉም ሕፃን ቢታደልስ? በታንዛንያ በፔምባ ደሴት ወባ በበዛበት ስፍራ ይህ ተሞክሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ ከተሰጣቸው ሕፃናት መካከል ሆስፒታል የገቡት ወይም የሞቱት ካልተሰጣቸው በ12 ከመቶ በልጠው ተገኙ፤ ስለዚህም ብረት የመስጠቱ ሥራ ሳያልቅ ቆሞ ነበር። በዚያው ጥናት ውስጥ አስቀድሞ ደማቸው ተመርምሮ የብረት እጥረትና ደም ማነስ የተገኘባቸው ልጆች ግን ብረቱ ጠቅሟቸዋል። ያው መድኃኒት ለጎደለው ረዳው፣ ላልጎደለው ጉዳት ሆነ። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በወባማ አካባቢ ብረት ሲሰጥ ወባን መከላከል፣ መመርመርና ማከም አብሮ እንዲሄድ የሚያሳስበው።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ለእህት ወንድም ልጆች በሻንጣ የምትልኩት ጠብታና ሽሮፕ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ጡት ብቻ ለሚጠቡ ሕፃናት ከአራት ወር ጀምሮ የብረት ጠብታ እንዲሰጥ መክሯል፤ ምክሩ ግን ወባ ለሌለበት አገር የተጻፈ ነው። ጋምቤላ ወይም መተማ ላለ ሕፃን ከመስጠታችሁ በፊት እናቱ ጠርሙሱን ይዛ ጤና ባለሙያ ትጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እናት በእርግዝና ጊዜ የምትወስደው የብረት ኪኒን ብዙ ጊዜ ቀይና ከረሜላ የሚመስል ነው። ጥቂቱን እንኳ አንስቶ የዋጠ ሕፃን ሊመረዝ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ተቆልፎበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ልጅ ከዋጠ ደግሞ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።