ስለ አረንጓዴ ውሀ፤ በሲሬ ኩሬዎችና በቤት የውሀ ዕቃዎች የሚበቅለውን አልጌ ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ ማስወገድ

በሲሬና በአካባቢው ክረምት ካለፈ በኋላ የኩሬው ውሀ እየጐደለ ሲሄድ ቀለሙ ይለወጣል። በጥቅምት ገና ጭቃ የሚመስለው ውሀ በጥርና በየካቲት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዱ በላዩ እንደ ጥጥ የተባዘተ ነገር ይይዛል፤ አንዳንዱ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ባላገሩ ይህን ሁሉ ባንድ ቃል «ውሀው ተበላሸ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ውሀውን የሚያበላሸው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከፊሉ ዐይንን ከማስጠላት በቀር የሚያደርሰው ጉዳት የለም፤ ከፊሉ ግን ከብት ይገድላል፤ የሰውንም ጉበት ይጐዳል። እንግዲህ አንዱን ከሌላው መለየት ለውሀ ቀጂውም ለእረኛውም የሚጠቅም ዕውቀት ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ ስለ መለያውና ስለ ማስወገጃው የምናውቀውን ለመግለጽ እንሞክራለን።

አልጌ ማለት፥ በአንዳንድ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ዋቅላሚ ተብሎ የተጻፈው ነው። ሥር፥ ግንድና ቅጠል የለውም፤ ነገር ግን እንደ ሣርና እንደ ዛፍ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ለመኖር የሚሻው ውሀ፥ ብርሃንና በውሀ ውስጥ የሟሙ ጥቂት ማዕድናት ብቻ ነው። ከነዚህ አንዱን የነፈገው ሰው አልጌን አሸነፈ ማለት ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈው የማስወገጃ ዘዴም ሁሉ ከዚህ ነገር አይወጣም።

ሲሬ ከአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርደው አገር ላይ ያለች ናት። ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ ነው። ስለዚህ በአፋን ኦሮሞ ሐሮ የሚባለው ኩሬ ለከብቱ ትልቅ ሀብት ነው። ቧንቧ ወይም ምንጭ በራቀበት ቀበሌ ደግሞ ለሰውም ይቀዳል። ውሀው ጥልቀት የለውም፤ አይፈስም፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይመታዋል፤ ከብቱም ሊጠጣ እየገባ እበቱንና ሽንቱን ይጥልበታል። አንድ ሰው አልጌ ለማርባት ዐስቦ ጉድጓድ ቢቈፍር ከዚህ የተሻለ ሊሠራ አይችልም።

አሁን ወደ መለያው እንሂድ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ በትር ነው። በትሩን አረንጓዴው ነገር ውስጥ አግብቶ ማንሣት ነው። እንደ ፀጉር ወይም እንደ እርጥብ ክር ተንጠልጥሎ ከወጣ ባለ ክር አረንጓዴ አልጌ ነው። ከነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው ስፓይሮጂራ ነው፤ በጣት ሲይዙት ያሟልጫል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የምናውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ስናየው ግን በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አረንጓዴው ጥብጣብ እንደ ምንጭ ብረት ተጠምዝዞ ይታያል፤ ሥዕሉ ከእውነተኛው ውበት ግማሹን እንኳ አያሳይም። ይህ ዓይነት አልጌ መርዝ የለውም። ጉዳቱ መቅጃውን መያዙ፥ ቧንቧ መድፈኑ፥ ሲሞትም በስብሶ ውሀውን ማሽተቱ ነው።

በትሩ ሲወጣ ክር ሳይዝ ቀለም የተነከረ መስሎ ቢወጣ ግን መጠንቀቅ ይገባል። የዚህ ዓይነቱ ውሀ የአተር ክክ ወጥ ወይም የተበጠበጠ አረንጓዴ ቀለም ይመስላል፤ ነፋስ ወደሚነፍስበት ዳር ተገፍቶ ይከማቻል፤ ሲደርቅም በድንጋዩ ላይ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል። ይህ ሳይኖባክቴሪያ የሚባለው ነው። በድሮ አጠራር ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይባል ነበር፤ ነገር ግን ሕዋሱ ኒውክለስ ስለ ሌለው በእውነቱ ከባክቴሪያ ወገን ነው።

ጥርጣሬ ከቀረ ማስረጃው ጠርሙስ ነው። ውሀውን በሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ሦስት አራተኛው ሞልቶ፥ ሳይነኩ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ማሳደር ነው። ሲነጋ አረንጓዴው ከታች ከዘቀጠ ብዙውን ጊዜ ተራ አልጌ ነው፤ ከላይ እንደ ስልባቦት ከሰፈፈ ሳይኖባክቴሪያ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ምክንያቱም እንደ ማይክሮሲስቲስ ያሉት ዓይነቶች በሕዋሳቸው ውስጥ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሏቸው ነው፤ በነዚህም ወደ ብርሃን ይንሳፈፋሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ብዙ ትንንሽ ክብ ሕዋሳት በአንድ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ታቅፈው ይታያሉ። ይህ የጠርሙስ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንኛውም የገጠር አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋር ሊያደርገው ይችላል። እጅን ግን ከዚያ በኋላ መታጠብ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በድንጋይና በገንዳ ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ቡናማ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ዳያተም ነው፤ በብሩሽ ይለቃል። ትንንሽ ክብ ቅጠልና ወደ ታች የወረደ ሥር ያለው ተንሳፋፊ ደግሞ ከነጭራሹ አልጌ ሳይሆን የውሀ ዕፅ ነው፤ ዶሮዎች ይበሉታል።

ስለ ሳይኖባክቴሪያ ይህን ያህል የምናስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በአውስትራሊያ በአሌክሳንድሪና ሐይቅ ዳር በጎች፥ ፈረሶች፥ ውሾችና ዐሣማዎች አረንጓዴውን ስፋፊ ጠጥተው መሞታቸውን ጻፈ። በ1996 በብራዚል በካሩዋሩ ከተማ የኵላሊት ሕሙማን ደም በሚታጠብበት ውሀ ውስጥ ይኸው መርዝ ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሲሬ ብዙ ሳይርቅም ቆቃ አለ። ግድቡ በአዋሽ ላይ በ1960 ከተሠራ በኋላ የተፈጠረው ሐይቅ በማይክሮሲስቲስ ደጋግሞ አረንጓዴ እንደሚሆንና በውሀውም ውስጥ ማይክሮሲስቲን የተባለው የጉበት መርዝ እንደ ተገኘ በምርምር ተረጋግጧል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሀ የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሳብ ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ውሀ ከተፈላ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ለተቅማጥ ተሕዋስያን ይህ እውነት ነው። ማይክሮሲስቲን ግን በመፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሀው ይወጣል። በቤት የሚጨመረውም ጥቂት ክሎሪን በአረንጓዴው ነገር ላይ ስለሚያልቅ የሚታመን መከላከያ አይደለም። ሁሉም የማይክሮሲስቲስ ዝርያ መርዝ አይሠራም፤ ነገር ግን የሚሠራውን ከማይሠራው በዐይን መለየት ስለማይቻል ሁሉንም እንደ መርዘኛ መቍጠር ነው የሚሻለው።

መንሥኤው ምንድን ነው? መልሱ በአንድ ቃል ቢባል ፎስፎረስ ነው። በ1973 በካናዳ ሐይቅ 226 በሚባለው ላይ የተደረገው ፈተና ይህን ግልጽ አድርጎታል። ሊቃውንቱ ሐይቁን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት፤ በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፥ በሌላው ወገን ካርቦን፥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ጨመሩ። ፎስፎረስ የገባበት ወገን ብቻ በሳይኖባክቴሪያ አረንጓዴ ሆነ። ከአየር የተነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ ገጽ ክርክር ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ለአርሲ ምን ማለት ነው? አርሲ በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው፥ ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ከሠራበት ጊዜ አንሥቶ የስንዴና የማዳበሪያ አገር ነው። ማዳበሪያውን አንነቅፍም፤ እንጀራችንም ዳቦአችንም ከርሱ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንይ። በ50 ኪሎ ዳፕ ውስጥ 10 ኪሎ ያህል ፎስፎረስ አለ። አንድ ኪሎ ፎስፎረስ ደግሞ እስከ 500 ኪሎ የሚደርስ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል እንደሚችል ተሰልቷል። እንግዲህ አንድ ከረጢት ዳፕ ሳይቀር በጐርፍ ኩሬ ቢገባ 50 ኩንታል አልጌ የሚያበቅል ምግብ ገባ ማለት ነው። ከኩሬው ዳር ጥቂት ሜትር ሣር ሳይታረስ ቢተው ጐርፉ አፈሩን እዚያው ጥሎ ያልፋል፤ ፎስፎረስም አብዛኛው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ስለ ሆነ እዚያው ይቀራል። ማሳው እስከ ውሀው አፍ ድረስ ሲታረስ ማየት ግን የተለመደ ነው፤ መሬት በጠበበበት አገር ይህን መውቀስ ቀላል፥ ማስተው ከባድ መሆኑን እናውቃለን።

ማስወገጃውን ከቤት እንጀምር። በቢጫው ጀሪካን ውስጥ አረንጓዴ ንጣፍ የሚይዘው ብርሃን በግድግዳው ስለሚያልፍ ነው። እናቶቻችን ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውሀ ጋር ጨምረው እየናጡ ያጥቡታል፤ ዘዴው ትክክል ነው፤ ንጣፉ ሳይፋቅ ክሎሪን ቢጨመር ከሥር ያለው ይተርፋልና። ከዚያ ጀሪካኑን ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ ነው። እንስራ በዚህ ረገድ ከጀሪካን ይበልጣል፤ ብርሃን አያስገባምና አልጌ በውስጡ አይበቅልም። ጥቁሩ ሮቶም ክዳኑ ከተዘጋ እንዲሁ ነው። የዝናብ ውሀ የሚጠራቀምበት ክፍት በርሜል ግን ቆርቆሮ ሊደረግበት ይገባል።

ባሕር ማዶ በቤታቸው በመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዐሣና ኮራል የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። የነርሱም ችግር ከኛ እናቶች ችግር አይለይም፤ ብርሃን ሲበዛና የዐሣው ምግብ ትራፊ በውሀው ውስጥ ሲቀር መስታወቱ አረንጓዴ፥ አሸዋውም በሳይኖባክቴሪያ ቀይ ዝልግልግ ይለብሳል። መድኀኒታቸውም ውሀ መለወጥ፥ ምግብ መቀነስ፥ መብራት ማሳጠርና አልጌ የሚግጥ ቀንድ አውጣ ማስገባት ነው። ልዩነቱ እነርሱ ውሀውን አይጠጡትም።

ወደ ኩሬው ስንመለስ፥ ባለ ክሩን አልጌ በመንሽ ወይም በሬክ እየጐተቱ ማውጣት ነው። የወጣው በኩሬው ዳር ከተከመረ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ ስለዚህ ራቅ አድርጎ ከፍግ ጋር ማዋሐድና በማሳ መበተን ይጠቅማል። በተወሰደ ቍጥር ፎስፎረሱም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ የሚልቀው ግን ከብቱን ከኩሬው ማውጣት ነው፤ ይኸውም ኩሬውን በእሾህ አጥሮ፥ ውሀውን ወደ ውጭ ገንዳ እየቀዱ ማጠጣት ነው። ድካሙ የሚወድቀው በቀጂው ላይ ስለ ሆነ ሴቶች ካልተስማሙበት አይሳካም።

አርሲ በገብስ የታወቀ ስለ ሆነ ስለ ገብስ ገለባ ጥቂት እንበል። በእንግሊዝ አገር ከ1980 በኋላ በነበሩት ዓመታት እንደ ተጠናው፥ የገብስ ገለባ በውሀ ውስጥ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል ያግዳል። ያለውን አይገድልም፤ ስለዚህ የሚገባው ውሀው አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት፥ ለኛ በጥቅምት ወይም በኅዳር ነው። መጠኑ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 50 ግራም ነው፤ ጐኑ 10 ሜትር ለሆነ ኩሬ ከ1 እስከ 5 ኪሎ ይበቃዋል። ተጨቍኖ ሳይሆን ላላ ብሎ በመረብ ታስሮ ከላይ መንሳፈፍ አለበት፤ አየር ካላገኘ ሥራውን አይሠራም። በሞቃት ውሀ በሁለት ሳምንት ያህል፥ በብርድ ጊዜ ግን ከስድስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ይጀምራል። በአንዳንድ ስፍራ ሲሠራ በሌላው ሳይሠራ ቀርቷል፤ ቢሆንም ጥቂት ኪሎ ገለባ ከከብቱ አፍ መንሣት ለሙከራ ብዙ አይደለም።

የመዳብ ሰልፌትን ነገር በጥንቃቄ ነው የምናነሣው። ሙርና ኬለርማን የተባሉ አሜሪካውያን በ1904 ካስተዋወቁት ወዲህ በብዙ አገር ሠርተውበታል፤ በ1,000 ሊትር ውሀ 1 ግራም ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ አልጌን ይገድላል። በአርሲ ግን በግ አለ። በግ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይልቅ መዳብን የማይችል ነው፤ በጉበቱ እየተጠራቀመ ቆይቶ በድንገት ይገድለዋል። ከዚህም በላይ ሳይኖባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ሲሞት መርዙን ሁሉ ወደ ውሀው ይለቃል፤ የበሰበሰውም ኦክሲጅኑን ጨርሶ ዐሣ ይገድላል። ስለዚህ ሰው ወይም በግ በሚጠጣበት ኩሬ ማንም በግምት እንዲጨምር አንመክርም።

ውሀው ቀለም መስሎ ሌላ ውሀ ከሌለ ምን ይደረግ? ከብቱን ነፋስ ከሚመጣበት ዳር ማጠጣት ነው፤ ስፋፊው ወደ ማዶ ስለሚገፋ። ለሰው ደግሞ ከኩሬው ዳር ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ አሸዋማ በሆነ ስፍራ ጉድጓድ ቢቈፈር ውሀው በአሸዋው ውስጥ እየተጣራ ይመጣል። አሸዋው ሕዋሳቱን ያስቀራል፤ የሟሟውን መርዝ ግን ሁሉንም አያስቀርም፤ ስለዚህ ይህ ውሀ ሌላው እስኪገኝ ለጥቂት ቀን እንጂ ለበጋው ሁሉ አይሆንም፤ ለሕፃናትም በመጀመሪያ የሚፈለገው የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሀ ነው።