ለጠባቂው ውሻ የአንገት ሻሽ

አርሲ ላይ ፈረስ ያጌጣል። ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚወጣ ፈረስ ከግንባሩ እስከ ደረቱ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ይንጠለጠልለታል። ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲያባርር የሚያድረው ውሻ ግን አንገቱ ላይ ያለው አንድም ሰንሰለት ነው፣ አንድም ከጆንያ አፍ የተፈታ ሲባጎ። ሲባጎው ደግሞ ቡችላው ሲያድግ አብሮት አያድግም። የሚያላላው ሰው ከሌለ መጀመሪያ ጠጉሩን ይልጣል፣ ቀጥሎ ቆዳውን ይበላል።

ለዚያ አንገት የሚሆን ሻሽ መስፋት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የስፌት መኪና ካለ ጥሩ፤ ከሌለም መርፌና ክር ይበቃል።

«ውሻን ማልበስ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሚልኩት ፎቶ ላይ አበባ ያለበት ሻሽ ያሰረ ውሻ ሶፋ ላይ ተኝቶ ስናይ እንስቃለን፤ መሳቃችንም አይፈረድበትም። እዚህ ግን ሻሹ ሌላ ሥራ አለው። በአገራችን ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾች ሲበዙ በመርዝ ማስወገድ የቆየ አሠራር ነው። መርዙ ያለበት ሥጋ መንገድ ላይ ሲጣል የማንን ውሻ እንደሚገድል አይመርጥም። አሰላን በመሰለ ከተማ ደግሞ የብዙ ቤት ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል፤ ሳይታሰር የቀረውም በር ክፍት ሲያገኝ ቀኑን ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ቡናማው፣ አጭር ጠጉሩ፣ ጅራተ ቆልማማው ያገሬ ውሻ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል የእገሌ ነው ብሎ መለየት ለጎረቤትም ያስቸግራል። አንገት ላይ የታሰረች ደማቅ ጨርቅ ግን ለጎረቤትም መርዙን ለሚጥለውም ከሩቁ «ይህ ውሻ ቤት አለው» ትላለች። ማለዳ ሊሮጥ ወደ አስፋልቱ ለሚወጣ ሰው፣ እንደምታውቁት አርሲ የሯጭ አገር ነውና፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአሽከርካሪም በጭጋግ ውስጥ ከሚታየው ጥላ ይልቅ ብርቱካንማ ጨርቅ ይሻላል።

ከጨርቁ እንጀምር። አዲስ መግዛት አያስፈልግም። በገበያ አካባቢ በሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች ከመኪናቸው አጠገብ ቁርጥራጭ የሚያጠራቅሙበት ማዳበሪያ አያጡም። ከዚያ ውስጥ የዩኒፎርም ትራፊ፣ የሸሚዝ ጨርቅ፣ የአልጋ ልብስ ጠርዝ በትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በምርቃት ብቻ ይገኛል። እኔ የምመርጠው የጥጥ የሸሚዝ ጨርቅ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ካውያ ይቀበላል፣ መርፌ አያስቸግርም። አቡጀዲም ይሆናል፤ ነገር ግን ስታጥቡት ስለሚሰበሰብ ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቡት። ጂንስ ለትንሽ ውሻ ይከብዳል፤ ጠርዙ ሲታጠፍ ይደድርና አንገት ይፈገፍጋል። ነጠላ አይሆንም፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ጠርዙ በአንድ ቀን ይተረተራል፤ የውሻ ጥፍርም ይይዘዋል።

የአሰላን ብርድ አስባችሁ ሱፍ ወይም ወፍራም ፍራኔላ ብትመርጡ ደግሞ ትሳሳታላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት። ክረምቱ ረጅም ዝናብ አለው። ወፍራም ጨርቅ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ርጥብ ጨርቅ አንገት ላይ ሲውል ሲያድር ቆዳውን ያቆስላል። ውሻው ብርዱን የሚከላከለው በጠጉሩ ነው፤ ሻሹ ለምልክት ብቻ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ውሻ ቀይና አረንጓዴን እንደኛ አይለይም፤ ሰማያዊና ቢጫ ግን ጎልቶ ይታየዋል። ሻሹ የሚታሰረው ለሰው ዓይን ስለሆነ ለእናንተ ደምቆ የሚታየውን ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ በአንዳንድ አገሮች ቢጫ ጥብጣብ ወይም ቢጫ ሻሽ ያሰረ ውሻ «አትጠጉኝ» ማለቱ ነው፤ የሚፈራ፣ የታመመ ወይም በሥልጠና ላይ ያለ ውሻ ምልክት ሆኗል። እዚህ አገር ባይታወቅም ተናካሽ ውሻ ላለው ሰው ልማዱ ሊቀዳ የሚገባ ነው።

አሁን ልኬት። በልብስ ሰፊ ሜትር የውሻውን አንገት መሐል ላይ ዙሩበት፤ ሜትር ከሌለ በክር ለክታችሁ ክሩን በማስመሪያ ለኩት። በሜትሩና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። እንበልና 40 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ለማሰሪያ በግራም በቀኝም 15 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ 70 መጣ። ይህ የሻሹ የረጅሙ ጎን ርዝመት ነው። ሻሹ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ የሚወጣው ካሬ ጨርቅን ከጥግ ወደ ጥግ በመቁረጥ ነው፤ የካሬ ሰያፍ የጎኑ 1.4 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ 70 የሚሆን ሰያፍ ይሰጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆርጥና ሲጨርስ ሻሹ አጥሮ ያገኘዋል። ምክንያቱ ቅምቅማቱ ነው። ሦስቱንም ጠርዝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ስታጥፉ ጫፎቹ ሹል ስለሆኑ ረጅሙ ጎን የሚያጥረው በ3 ሳይሆን በ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ለ40 ሳንቲ ሜትር አንገት ካሬውን 55 በ55 አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንድ ካሬ ሁለት ሻሽ ይወጣል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይታሰራል።

ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ግልባጩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ። ጠመኔ ወይም የደረቀ የሳሙና ስባሪ ይዛችሁ መስመሩን አስምሩ፤ ልብስ ሰፊዎች ሳሙናን የሚወዱት ሲታጠብ ምልክቱ አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ከቆረጣችሁ በኋላ ረጅሙን ጎን በሁለት እጅ ይዛችሁ በትንሹ ሳቡት፤ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ጠባዩ ይኸው ነው። አጭሮቹ ጎኖች ግን በድሩና በማጉ ቀጥታ ስለተቆረጡ አይለጠጡም። ይህን ካላወቁ ረጅሙ ጎን ሲሰፋ እየተሳበ ሄዶ ሞገድ ይሠራል። መፍትሔው ከስፌት በፊት ካውያ ነው፦ ጠርዙን ግማሽ ሳንቲ ሜትር አጥፉ፣ ተኩሱ፤ እንደገና አንድ ሳንቲ ሜትር አጥፉ፣ ተኩሱ፤ ከዚያ በስፒል ያዙት። ካውያውን እያነሣችሁ አስቀምጡ እንጂ ወደ ጎን አትጎትቱት፤ ከጎተታችሁት ጨርቁ አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሁለቱን አጭር ጎኖች ቀምቅሙ፤ ረጅሙን በመጨረሻ። በእጅ የምትሰፉ ከሆነ መርፌው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ግማሽ እየተመለሰ ይሂድ፤ ዝም ብሎ ወደፊት የሚሮጥ ስፌት ውሻ አንድ ጊዜ በእግሩ ሲያክከው ይላቀቃል። በመኪና ከሆነ መነሻና መድረሻ ላይ ሦስት አራት ስፌት ወደ ኋላ መልሱ። ሹል ጫፎቹ ላይ ጨርቁ ተደራርቦ ስለሚወፍር ከማጠፋችሁ በፊት ጥግጥጉን በትንሹ በመቀስ ንኩት። የሰካችሁትን ስፒል ሁሉ ቆጥራችሁ አውጡ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ጨርቅ ውስጥ የተረሳ ስፒል መጨረሻው ውሻው አፍ ውስጥ ነው።

የቆዳ ማሰሪያ ላለው ውሻ ከዚህም የሚቀል አሠራር አለ። ሁለቱ አጭር ጎኖች ከተቀመቀሙ በኋላ የረጅሙን ጎን ሁለት ሹል ጫፎች ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፏቸው። ከዚያ ጎኑን እንዳለ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ የእጥፋቱ ስፋት ከማሰሪያው ስፋት በ1.5 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። የእጥፋቱን የታች ጠርዝ ብቻ ስፉ፣ ግራና ቀኙን ክፍት ተዉት። ቀበቶ በሱሪ ማንጠልጠያ ውስጥ እንደሚገባ ማሰሪያው በዚያ ያልፋል። ለዚህኛው ሻሽ የሚቋጠር ጫፍ ስለማያስፈልገው ጨርቁ ያንሳል።

የሚታሰረውን ዓይነት ለመረጠ ግን አንድ አደጋ አለ። የኛ ውሻ በእሾህ አጥር ይሾልካል፣ በቆርቆሮ ሥር ይገባል፣ ከሌላ ውሻ ጋር ሲጣላ የሚነከሰው አንገቱን ነው። ሻሹ አጥር ላይ ቢያዝና ባይፈታ ሊያንቀው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አትቋጥሩት። ከሁሉ የሚሻለው ጫፎቹን ከመቋጠር ይልቅ በቀጭን ክር በሁለት ሦስት ስፌት ብቻ የተያዘች አንዲት ቁልፍ መትከል ነው። ከሰፋችሁ በኋላ በእጃችሁ በኃይል ሳቡት፤ ቁልፏ ተበጥሳ ካልወደቀች ክሩን አሳሱት። ሻሽ ቢጠፋ ሌላ ይሰፋል። ሌሊት ለጥበቃ ሲፈታ ደግሞ ጨርሶ ብታወልቁለት ይሻላል ባይ ነኝ፤ የጨለማ ሥራው ከጅብና ከአጥር ጋር ነው፣ የሚያየውም ሰው የለም።

ስልክ ቁጥራችሁን ከውስጥ በኩል በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ፤ ጥልፍ የምትችሉ ደግሞ በጥልፍ ክር። አርሲ ውስጥ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ አያልፍም፤ የነካው ነገርም ከቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀልም። ለሻሹ የራሱን ሳፋ ለዩለትና በሳምንት አንዴ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ቁንጫና መዥገር ከጨርቅ ሥር መሸሸግ ስለሚወዱ ባወለቃችሁ ቁጥር ጠጉሩን ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። በብዙ አገሮች የእብድ ውሻ በሽታ የክትባት ዘመቻ ሲካሄድ የተከተበው ውሻ ባለቀለም ጨርቅ ወይም ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይደረግለታል፤ ከታቢዎቹ በማግሥቱ በሰፈሩ ዞረው ምን ያህሉ እንደተከተበ የሚቆጥሩት በዚያ ነው። የሚፈለገው ቁጥር የታወቀ ነው፤ ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያጥብ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አርሲ ላይ የሚጠበቀው ደግሞ ሰው ብቻ አይደለም። ከአሰላ በላይ ባሉት በጭላሎና በገለማ ተራሮች፣ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተከለለበት ደጋ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው። ከብት ተከትሎ ወደ ውርጩ ግጦሽ የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ በሽታውን ይዞለት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጎረቤት ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ውስጥ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ከሸለቆው ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ መንደሮች ውሾችን ሲከትብ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀበሮው ላይ ከመድረሱ በፊት በሽታው መቆም ያለበት በእኛ ደጅ ነው።

እንግዲህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፤ ከዚያ በየዓመቱ ድገሙለት። ክትባቱን በደገማችሁ ቁጥር የሻሹን ቀለም ብትለውጡ የዘንድሮውን ክትባት መከተቡን ለማስታወስ ይጠቅማችኋል። ሻሽ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የክትባት ካርዱ ነው፣ እሱን በደንብ አስቀምጡት። ልጆች ያጌጠ ውሻ ሲያዩ ገራም ይመስላቸውና እጃቸውን ይዘረጋሉ። ስለዚህ ሻሹን ዛሬ ሰፍታችሁ ብትጨርሱም፣ ውሻው እስኪከተብ ድረስ አታስሩለት።