ዓሣን የምታታልለው የጎማ እንቁራሪት፤ ፊዚክሱ ምን ይላል?

በክረምት ወራት ሲመሽ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉት ቦዮችና ረግረጋማ ቦታዎች አጠገብ የሚያልፍ ሰው የእንቁራሪቶችን ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። አብዛኞቻችን ሰምተን እናልፈዋለን። በሰሜን አሜሪካ ግን ዓሣ አጥማጆች የዚህችን ፍጥረት አምሳያ ከለስላሳ ጎማ ሠርተው፣ መንጠቆ አስታጥቀው፣ በክር አስረው በውሃ ገጽ ላይ ያንሳፍፏታል። የሚፈልጉትም ባስ የተባለውን ሰፊ አፍ ያለው አዳኝ ዓሣ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ተወስዶ በዚያም ተራብቷል።

ለከፍተኛ ትምህርት ከቆየንበት ሀገር ስንመለስ ከእነዚህ የጎማ እንቁራሪቶች አንዷን በሻንጣችን ይዘን መጥተን ነበር። ጉለሌ በሚገኘው ቤታችን በሳፋ ውሃ ላይ አንሳፍፈን ለተማሪዎቻችን ስናሳይ አንደኛው፣ «መምህር፣ ዓሣው ግን እንዲህ ሞኝ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንቁራሪቷ በቅርብ ሲያዩዋት እውነተኛ አትመስልምና። መልሱን ለማግኘት ግን እኛ ከላይ ሆነን የምናየውን ትተን፣ ዓሣው ከታች ሆኖ የሚደርሰውን መረጃ መመርመር ይኖርብናል።

እንቁራሪቷ ለምን አትሰጥምም?

የጎማዋ እንቁራሪት ውስጧ ባዶ ነው። መጠነ ቁሷ ከነመንጠቆዋ 15 ግራም፣ ይዘቷ ደግሞ 25 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት አንድ ተንሳፋፊ አካል ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ክብደት ያለው ውሃ ይገፋል። የአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውሃ መጠነ ቁስ 1 ግራም ስለሆነ፣ እንቁራሪቷ 15 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ መግፋት አለባት። ስለዚህ ከአካሏ 60 በመቶው ከውሃው በታች፣ 40 በመቶው ከውሃው በላይ ይሆናል። የመንጠቆው ብረት ወደ ኋላና ወደ ታች በኩል ስለሚከብድ አፍንጫዋ ቀና ብሎ ይቆማል፤ እውነተኛዋ እንቁራሪትም በውሃ ላይ ስታርፍ የምትቆመው በዚሁ አኳኋን ነው።

ሁለቱ የመንጠቆ ጫፎች ወደ ላይ ዞረው ከጀርባዋ ጋር ተጣብቀው ይተኛሉ። በዚህም ምክንያት እንቁራሪቷ እንደ እምቦጭ ባሉ የውሃ አረሞች ላይ ብትጎተት አትያዝም። ዓሣው አፉን ሲገጥምባት ግን ባዶው አካል ይጨፈለቃል፤ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ መንጠቆዎቹም ይገለጣሉ።

ዓሣው ከታች ምን ያያል?

ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ አቅጣጫውን እንደሚለውጥ፣ ማለትም ስብረት እንደሚደርስበት በትምህርት ቤት ተምረናል። የውሃ የስብረት መለኪያ 1.33 ገደማ በመሆኑ፣ ከላይ ያለው ሰማይ በሙሉ ወደ ዓሣው ዓይን የሚደርሰው 97 ዲግሪ ስፋት ባለው ሾጣጣ ውስጥ ተጨምቆ ነው። ይህም የስኔል መስኮት ይባላል። ዓሣው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን የመስኮቱ ስፋት በውሃው ገጽ ላይ 2.3 ሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው ክብ ይሆናል። ከዚያ ክብ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ከሥር ለሚመለከተው እንደ መስታወት ሆኖ የሐይቁን ወለል መልሶ ያሳያል።

እንግዲህ እንቁራሪቷ ከመስኮቱ ውጭ ሆና ወደ ዓሣው ስትቀርብ የሚታየው ከውሃው በታች ያለው ሆዷና የእግሮቿ ጭራ ብቻ ነው፤ ያም በላዩ ባለው መስታወት ውስጥ ተደግሞ ይታያል። ወደ መስኮቱ ገብታ ከዓሣው ራስ በላይ ስትሆን ደግሞ ከደማቁ ሰማይ ሥር ያለች ጥቁር ጥላ ትሆናለች። አረንጓዴው ጀርባና በጥንቃቄ የተቀቡት ዓይኖች ለዓሣው እምብዛም አይታዩም፤ በሱቅ ውስጥ የሚማርኩት ገዢውን ነው።

ሞገድና ድምፅ

ሁለተኛው መረጃ የውሃው እንቅስቃሴ ነው። በጥልቅ ውሃ ገጽ ላይ ረጃጅም ሞገዶችን የሚገዛው የመሬት ስበት ሲሆን፣ አጫጭሮቹን የሚገዛው የገጽ ውጥረት ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ፣ ይኸውም ርዝመተ ሞገዱ 1.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሞገዱ ፍጥነት ከሁሉ ያነሰ፣ በሰከንድ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ባነሰ ቋሚ ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚጎተት ነገር ከኋላው የሞገድ ዱካ አይተውም። በድንገት ሲነቀነቅ ግን ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ ሞገድ ይፈጥራል።

ልምድ ያላቸው አጥማጆች ክሩን ዝም ብለው የማይጎትቱት ለዚህ ነው። ላላ አድርገው በአጭር በአጭሩ ይነቀንቁታል። እያንዳንዱ ንቅናቄ አፍንጫዋን ወደ አንድ ጎን ያዞራል፤ ክሩ ሲላላ በግዕዝናዋ ትንሽ ትንሸራተታለች፤ ቀጣዩ ንቅናቄ ወደ ሌላው ጎን ይመልሳታል። እንዲህ እያለች ከቦታዋ ብዙም ሳትርቅ ግራና ቀኝ ትሄዳለች።

ሆኖም የገጽ ሞገድ ወደ ታች ሲወርድ በፍጥነት ይዳከማል። ከርዝመቱ ግማሽ በሚሆን ጥልቀት ላይ የሚቀረው እንቅስቃሴ 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የ1.7 ሳንቲ ሜትሩ ሞገድ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ላለ ዓሣ እንደ እንቅስቃሴ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው የብርሃኑ መወዛወዝና ድምፁ ነው። አንዳንዶቹ እንቁራሪቶች አፋቸው ጎድጓዳ ሆኖ የሚሠራው ድምፅ እንዲያሰሙ ነው፤ ሲነቀነቁ አየር ይዘው ወደ ውሃው ያስገባሉ። ሚናርት የተባለው የቤልጂየም ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ በ1933 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው በውሃ ውስጥ ያለ የአየር አረፋ እንደ ደወል ይርገበገባል፤ 1 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው አረፋ ድግግሞሹ 330 ኸርዝ ገደማ ነው። ይህ ዓሣ በውስጥ ጆሮው ሊሰማው የሚችል ድምፅ ነው። ዓሣው በጣም ሲቀርብ ደግሞ በሁለቱ ጎኖቹ የተዘረጋው የጎን መስመር የተባለው የስሜት አካል የውሃውን ንዝረት ይለካለታል።

በመጨረሻም ባስ አፉን በድንገት ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይስባል። በውሃ ገጽ ላይ ግን ከውሃው ጋር አየርም ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ይስታል። አጥማጁ የውሃውን መፈንዳት እንዳየ ክሩን ቢመነጭቅ እንቁራሪቷን ከዓሣው አፍ ያወጣታል፤ የዓሣው ክብደት በክሩ ላይ እስኪሰማው መታገሥ አለበት።

ከጣና አንጻር ስናየው

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በጣና ሐይቅ የአካባቢው ሰው ነጭ ዓሣ የሚላቸው 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ጥናት ተገልጿል፤ ከነዚህም 8ቱ ሌሎችን ዓሦች አድነው የሚበሉ ናቸው። እንደ ባስ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ምግባቸውን በዓይን አይተው፣ አሳደው ይይዛሉ። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ደግሞ በክረምት ከእርሻ ማሳ የታጠበ አፈር ይዘው ይመጣሉ።

ድፍርስ ውሃ ምስልን የሚያደበዝዘው በብዜት ነው። የአንድ ነገር ጉልህነት በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በግማሽ የሚቀንስ ቢሆን ከ2 ሜትር በኋላ 1/16ኛው ይቀራል። ድፍርስነቱ እጥፍ ሆኖ ጉልህነቱ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ በግማሽ ቢቀንስስ? የሚቀረው 1/32ኛ ሳይሆን 1/256ኛ ነው። አምባዛ በአራት ጥንድ የአፍ ዙሪያ ጭራዎቹ እየዳሰሰና እየቀመሰ በጨለማም ምግቡን ያገኛል፤ በዓይኑ የሚተማመነው ነጭ ዓሣ ግን ይራባል። በማሳ ላይ የሚሠራ እርከን ዓሣንም ይመግባል ብንል አላጋነንም።

በቤት የሚሠራ ሙከራ

በብርሃን አሳላፊ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቡሽ አንሳፍፉ። ከጎን ሆናችሁ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብላችሁ ወደ ላይ ስትመለከቱ የውሃው ገጽ መስታወት ሆኖ፣ የቡሹም የታችኛው ክፍል ከነነጸብራቁ ይታያችኋል። ቀጥሎም ቡሹን በነጭ ሳፋ ውሃ ላይ በክር አስራችሁ መጀመሪያ በዝግታ ሳታቋርጡ፣ ከዚያም እየነቀነቃችሁ ጎትቱት፤ በፀሐይ ብርሃን የሞገዶቹን ጥላ በሳፋው ወለል ላይ አወዳድሩ። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ቀይ አፈር በውሃው ውስጥ በጥብጡና ወለሉን ለማየት ሞክሩ።

ተማሪያችን ይህንኑ ሙከራ ከሠራ በኋላ ጥያቄውን ራሱ መለሰ። ዓሣው ሞኝ አይደለም፤ ጥላው፣ ሞገዱና ድምፁ የእንቁራሪት ናቸው፤ ከታች ሆኖ ሌላ ማስረጃ አያገኝም። ቀይ አፈር የተበጠበጠበትን ሳፋ ሲመለከት ግን፣ «በዚህ ውስጥ እውነተኛዋም ብትመጣ አያያትም» አለ።