ጧሪ፣ እናትና ሠራተኛ በአንድ ሰው

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ለወላጅ የሚሰጥ ምርቃት ነው። የምትጦረው ልጅ ግን በዚያው ሰሞን የልጆች እናት፣ የሰው ሚስትና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ትሆናለች። ይህ ሁሉ ሚና ጤናዋን ይጎዳዋል ወይስ ይደግፈዋል? ተመራማሪዎች ለበርካታ ዓመታት የተከራከሩት በዚህ ላይ ነው።

ዊልያም ጉድ እ.ኤ.አ. በ1960 የሰው ጊዜና ጉልበት ልክ አለውና ሚና በበዛ ቁጥር አንዱን ስንሞላ ሌላው ይጎድላል አለ። ሳም ሲበር በ1974 ይህን አልተቀበለም፤ ብዙ ሚና ያለው ሰው አንዱ ጋ የደረሰበትን መከፋት ሌላው ጋ ይረሳዋል ሲል ተከራከረ። ሁለቱም የጻፉት ስለ አስታማሚ አልነበረም። ክርክሩን ወደ ጧሪዎች ካቀረቡት አንዷ አሜሪካዊቷ ኢሌን ብሮዲ ነች። በ1981 በአረጋዊ ወላጅ፣ በልጆችና በሥራ መካከል ስለተያዙ ሴቶች ጻፈች፤ «መሐል ላይ ያሉ ሴቶች» አለቻቸው።

በእኔ ግምት ጥያቄውን ከሁሉ በተሻለ የመለሰው የስቲቨንስና የታውንሰንድ የ1997 ጥናት ነው። ያጠኑት 296 ሴቶችን ሲሆን ሁሉም ወላጅ ይጦራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ባል አላቸው፣ ደመወዝተኛም ናቸው። የሚናው ብዛት ለሁሉም እኩል ስለነበር ልዩነቱ የመጣው ከብዛቱ አይደለም። በልጆቿ፣ በትዳሯ ወይም በሥራዋ ውጥረት ያለባትን ሴት የመጦሩ ጫና ይበልጥ ጎዳት። ሥራዋ እርካታ የሚሰጣትን ግን ያው ጫና ያን ያህል አልጎዳትም። «ሥራሽን ተዪና እናትሽን አስታሚ» ብሎ የሚመክር ዘመድ ሁሉ ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል። ለአንዳንዷ ሴት ቢሮዋ በቀን ውስጥ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ብቸኛው ቦታ ነው።

ጉዳቱ ሥጋም ላይ ይደርሳል። ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ በ1995 የመርሳት ሕመም ያለበት ዘመድ በሚያስታምሙ 13 ሴቶችና በማያስታምሙ ሌሎች 13 ሴቶች ክንድ ላይ እኩል የሆነ ትንሽ ቁስል ፈጥረው ተከታተሉ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ።

የሞት ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በሹልዝና በቢች የ1999 ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸውን እያስታመሙ ጫና የበዛባቸው አረጋውያን በአራት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። እያስታመሙ ጫና ባልተሰማቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ሮትና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2013 3,503 አስታማሚዎችን ከሚመሳሰሏቸው ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የአስታማሚዎቹ የሞት መጠን በ18 በመቶ ዝቅ ብሎ አገኙት። ስለዚህ ማስታመም በራሱ አይገድልም፤ የሚጎዳው ጫናው ሲበዛ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን እንዲቀልቡ ያስገድዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ወላጁን በሕይወት እያለ የሚያስታምምበት፣ ለዚሁ የተለየ ደመወዝ ያለው ፈቃድ ግን አላስቀመጠም። ሕጉ ከደመወዝ ጋር ጊዜ የሰጠው ለቀባሪው እንጂ ለጧሪው አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው። እዚያ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ የሆኑ እህቶቻችን የሌላውን ሰው እናት እያገላበጡ ያድራሉ፤ ከደመወዛቸው ቆርሰው ለራሳቸው እናት ይልካሉ። አገር ቤት የቀረችው እህት ደግሞ ገንዘቡን ተቀብላ ጉልበቷን ትሰጣለች። ወንድሞች ብዙ ጊዜ በስልክ ይጠይቃሉ።

ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ እናቷን ደግፋ የቆመችውን ሴት ልብ ብላችሁ ተመልከቷት። ተራቸው ሲደርስ ነርሷ የእናትየዋን ደም ግፊት ትለካለች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ለልጅቷ ታስረዳለች። የልጅቷ ክንድ ሳይለካ፣ የእናቷን ነጠላ አስተካክላ ይወጣሉ።