ሕጉ ጉልበትን ይጠይቃል፤ ፈቃድንስ?

ምን አለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ጀሪካን ተቀጥቅጦና ታጥቦ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት የመርካቶ ሰፈር ነው። እዚያ ከሚሸከሙትና ከሚቸረችሩት ሴቶች አንዷ ብትደፈር ሕጉ ምን ያደርግላታል?

መነሻው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 620 አስገድዶ ደፋሪን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ብዙ ወንዶች ተባብረው ከፈጸሙት ጣሪያው 20 ዓመት ይደርሳል፤ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ ነው። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ አይሠራም። ከ13 በታች ለሆነች ልጅ ደግሞ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር። «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም የምናውቀው ታሪክ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው፤ ጠላፊዋን የገደለችው የአርሲ ልጅ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን በመሠረተችው በመዓዛ አሸናፊ ጥረት፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ በነፃ ተለቀቀች።

አሁንም ግን ክፍተት አለ። አንቀጽ 620 የሚለው «ከጋብቻ ውጪ» ነው፤ ባሏ ያስገደዳትን ሚስት በዚህ አንቀጽ አይሸፍናትም። መመዘኛውም ኃይል፣ ብርቱ ዛቻ ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግ እንጂ የእሷ ፈቃድ አይደለም። በፍርሃት ደርቃ የቀረች ሴት «ለምን አልጮህሽም?» ትባላለች። ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱ የማይነካ ነው፤ ፈቃድን መመዘኛ ማድረግ ግን ይህን መብት አይሸረሽርም። ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው ይገባል።

ትንኮሳስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። አዋጁ ግን የሚሠራው አሠሪና ሠራተኛ ባሉበት ነው፤ በራሷ ጀሪካን የምትቸረችረዋ አሠሪ የላትም።

ሽማግሌ ቢያስታርቅም የመድፈር ክስ የመንግሥት ነውና አይቋረጥም። የተደፈረች እህት ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳትጥል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ትድረስ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲጀመር ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ ይሰጣል። የሰማህ ጎረቤት፣ አብረሃት ሂድ።